የጋሽ በየነ ፈቃድና የእኔ ፊርማ

በጌጃ ሰፈርና በልደታ አካባቢ የበር ደወልና የሱቅ ማስጠንቀቂያ በመትከል የታወቁት ጋሽ በየነ ለጥቂት ሳምንታት ታመው በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን፣ ሥርዓተ ቀብራቸውም በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መፈጸሙን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይህን የምጽፈው ለአርባቸው ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች «አንተ ነህ በደንብ የምታውቃቸው፤ አንተው ጻፍላቸው» ሲሉኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስለዚህ ያነበባችሁ ሁሉ ታገሡኝ፤ ከማመሰግናቸው ይልቅ የምናዘዘው ይበዛል።

ጋሽ በየነ ሥራ ያስገቡኝ የወፍጮ ቤት ሥራዬ ተቋርጦ፣ ሁለት ልጆች ይዤ ግራ ሲገባኝ ነው። ሱቃቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ክፍል ነበረች። በዚያች ክፍል አምስት ዓመት አስተማሩኝ። ሽቦ እንዴት በግድግዳ ጥግ ተደብቆ እንደሚሄድ፣ በር ሲከፈት የሚጮህ ማስጠንቀቂያ የት እንደሚቀመጥ፣ ሁሉንም ያወቅሁት ከእሳቸው እጅ ነው።

ሥራ ጨርሰው የደወሉን ቁልፍ ራሳቸው ሲጫኑ አይቼ አላውቅም። ከቤቱ ሰው ሁሉ አቅም የሌለውን ያስጠሩ ነበር፤ ሕፃን ከሆነ ሕፃኑን፣ አሮጊት ከሆኑ አሮጊቷን። «እኔ ስጫነውማ ይጮሃል፤ ጉልበቱን አውቀዋለሁ። የሚቸገረው ሰው ይጫነውና እንይ» ይላሉ። የሰፈራችን አሮጊት እማማ ብርቄ ጉልበት አጥሯቸው ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው፣ ጋሽ በየነ ከትራሳቸው ሥር እስከ ጎረቤት ቤት ሽቦ ዘርግተው ደወል ተከሉላቸው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክምም ማንም ሳይጠራቸው ሄደው ይቀይሩ ነበር። እማማ ብርቄ ውሃ በፈለጉ ቁጥር ሲደውሉ ጎረቤቶቹ ተማረሩ። ጋሽ በየነ ግን «ሳይደውሉ የቀሩ ቀን ነው የምትማረሩት» ብለው አስቀው ዝም አሰኟቸው።

አንድ ክፉ ልማድ ነበራቸው። የባትሪውን ጉልበት ለማወቅ የሽቦውን ጫፍ ምላሳቸው ላይ ነካ ያደርጋሉ። ለእኔ ግን ቴስተር የሚባለውን መለኪያ ገዝተው ሰጡኝ። «አንተ ልጆች አሉህ፤ ይህን የሞኝ ሥራ እንዳትለምድ» አሉኝ።

በኋላ በቀበሌው ስብሰባ፣ የደወልና የማስጠንቀቂያ ሥራ ያለ ሙያ ፈቃድ የሚሠራ ሁሉ ሱቁ እንደሚታሸግ ተነገረን። ሁለታችንም የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ አንድ ቀን አብረን ተፈተንን። የጽሑፉን ሁለታችንም አለፍን። በተግባሩ ፈተና ጋሽ በየነ ከሁላችንም ቀድመው ጨረሱ። ከዚያም ፈታኙ አጠገባቸው ቆሞ እያየ፣ እጃቸው እንደ ልማዱ ሽቦውን ወደ ምላሳቸው ወሰደው።

ፈታኙ ወጣት ነበር። «ጓድ፣ መለኪያዎ ይህ ነው እንዴ?» አላቸው።

«እስከ ዛሬ አልዋሸኝም» አሉ።

ወደቁ። እኔ እሳቸው በገዙልኝ ቴስተር ለክቼ አለፍኩ።

ፈቃዱን ስወስድ የሞላሁት ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሙያውን ማን አስተማረህ የሚል። የወደቀ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ስም ብጽፍ እኔንም ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈራሁ። «በራሴ ጥረት» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ዓመት ያስተማሩኝን ሰው የካድኩት እንዲህ አድርጌ ነው።

ሱቃቸው በዚያው ወር ታሸገች። እኔ ባገኘሁት የሙያ ፈቃድ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን ጋሽ በየነ ፊታቸው በርቶ ቢሮ ድረስ መጡ። «ግርማ፣ መላ ተገኘ! ፈቃድ ያገኘን ሰው ያሠለጠነ፣ ሠልጣኙ በፊርማው ካረጋገጠለት፣ የተግባር ፈተናው ይቀርለታል አሉኝ። አንተ አለህ አይደል!»

«አለሁ እንጂ ጋሼ» አልኩ።

እንዴት አድርጌ ልፈርም? ቅጼ ላይ በራሴ ብያለሁ። ደብዳቤውን ሳስገባ ፋይሌን አውጥተው ያስተያዩታል፣ ሐሰተኛ ብለው ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ከሥራዬም እባረራለሁ ብዬ አሰብኩ። ሦስት ጊዜ እስከ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሄጄ ተመለስኩ። ለጋሽ በየነ ግን አንዴ «የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ መስክ ወጥቷል»፣ አንዴ «ማኅተም የያዘው ጓድ ስብሰባ ላይ ነው» እላቸው ነበር። እሳቸው ሁሉንም አመኑ። በየጠዋቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማኅደራቸውን በብብታቸው ይዘው በታሸገችው ሱቅ በር ላይ ይቀመጡ ነበር። የሚያልፍ ሰው ሥራ ሲጠይቃቸው «ፈቃዴ እየመጣ ነው» ይላሉ። እኔም በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በሌላ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

ከዚያ ታመሙ። ልጠይቃቸው የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። እትዬ ዘነበች «የደብዳቤው ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ጋሽ በየነ ከአልጋቸው ሆነው «ተይው ዘነበች፤ ሥራ በዝቶበት ነው፤ ልጁን አታስጨንቂው» አሉ።

ከቀብራቸው በኋላ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ጽፌ፣ የሚመጣውን ልቀበል ቆርጬ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ገባሁ። ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ መሆናቸውን፣ ቅጼ ላይ የጻፍኩትም ሐሰት መሆኑን በዝርዝር አስፍሬ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አነበበው። ፋይሌን አወጣ። «በራሴ ጥረት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከላዩ «በየነ» ብሎ ጻፈ።

«ይኸው ነው?» አልኩት።

«ምን ሌላ ይኖራል? ብዙ ሰው እኮ እንዲህ ተሳስቶ ይሞላል። አሁን ሰውዬው ራሳቸው ይምጡና ይፈርሙ» አለኝ።

ሞተዋል ሳልለው ወጣሁ። ጉዳዩ ሁሉ ሻይ ለመጠጣት የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀው። ያን ፈርቼ ነው ሰውዬውን ወራት ሙሉ በታሸገ በር ላይ ያስቀመጥኳቸው።

እትዬ ዘነበች፣ ይህን ከሕዝብ ጋር እኩል እንዲሰሙት በማድረጌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለብቻዎ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ መጥቼ፣ እንደ ልማዴ ከደጅ ተመልሻለሁ።

ጋሽ በየነ፣ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ ሳይ የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። እርስዎ ሰበብ ፈልገውልኝ ሄዱ፤ እኔ ሰበቡን መቀበል አልቻልኩም። ፈቃድዎ አልወጣም፤ ከእንግዲህም አይወጣም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ እርስዎን ማግኘት ነበረብኝ።