ከለቅሶ የተመለሰው ባትሪ

በታኅሣሥ ከዘቢዳር ተራራ የሚወርደው ብርድ ለእኔ ሥራ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ባትሪ ቻርጅ የማደርግባት፣ የመኪና ኤሌክትሪክም የምነካካባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁ፣ እያበላሸሁ፣ ካበላሸሁትም እየተማርኩ ነው እዚህ የደረስኩት። በሙቀት ወራት ሾፌሮቹ አያውቁኝም። ብርዱ ሲመጣ ግን "እህቴ፣ ድረሺልን" ነው።

ያን ዕለት ጠዋት የጠራኝ አንድ ጫኝና አውራጅ ነበር። በርበሬ የሚነግዱ አንድ ሐጂ መጋዘን በር ላይ የጭነት መኪና አልነሳም ብሏል አለኝ። ቮልት መለኪያ ቴስተሬን ይዤ ሄድኩ። መኪናው የማረቆ በርበሬ እስከ አፉ ተጭኖበታል። ሾፌሩ የሰፈሬ ሰው ነው፤ ለዓመታት የሐጂን ጭነት ብቻ ሲያመላልስ ኖሯል፣ ሌላ ደንበኛ የለውም። ሐጂ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል።

"እስከ ሦስት ሰዓት ካልተነሳ ጭነቱን አወርደዋለሁ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለእሱ አልገባኝም። "ሌላ መኪና ደውዬ ጠርቻለሁ።"

ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ፤ ከዚያ ዝም።

"ባትሪው እንኳ ደህና ነው፣ መብራቱን እዩት!" አለ ከጫኞቹ አንዱ። እውነትም የፊት መብራቱ ቦግ ብሏል።

"እንግፋው" አለ ሌላው።

"ይህን ሁሉ በርበሬ? ቁርስህን ሳትበላ?"

"እሷ ትግፋዋ! ክንዷን አታየውም?"

"እሺ፣ እኔ ስገፋ አንተ ከፊት ቁምልኝ" አልኩት። ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም።

መብራት ከባትሪ ብዙ አይጠይቅም። ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው ጉልበት የሚፈልገው። በብርድ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሩ ይከብዳል፤ ባትሪውም በዚያው ሰዓት አቅሙ ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ፈጠን ብሎ ካልዞረ በውስጡ ያለው አየር አይግልለትም፣ ናፍጣውም አይቀጣጠልም። የዚህ ዓይነት መኪና ሁለት ባትሪ ተያይዞለት ነው የሚሠራው። ሕመምተኛ በቃሬዛ እንደተሸከሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የኋለኛው ጉልበት ከከዳው የፊተኛው ብርታት ብቻውን ሕመምተኛውን ሐኪም ቤት አያደርሰውም።

ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ቴስተሩን ባትሪዎቹን በየተራ አስነካኋቸው። የመጀመሪያው ከአሥራ አንድ ቮልት አልወረደም። ሁለተኛው ስድስት ገባ። አብረው የተገዙ ናቸው፣ እኔው ነኝ ያሰርኳቸው፤ አንዱ ብቻውን እንዲህ ሊደክም አይገባም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የደከመው ባትሪ ሞርሴቶ፣ ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያጣብቀው ማሰሪያ፣ በችኮላ ነው የታሰረው። የባትሪው ራስ ላይም የቀጭን ሽቦ ጭረት አለ።

"ይሄን ፈተኸዋል?" አልኩት በቀስታ።

"ዝም ብለሽ ሥሪ፣ እህቴ።"

"የት ከርሞ ነው የመጣው?"

ዓይኑን ወደ ሐጂ ላከና ቶሎ መለሰ። ያኔ ገባኝ። ባለፈው ሳምንት የሐጂ እናት ሞተው ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። የሰፈሩ መብራት ደግሞ ሦስቱንም ቀን እንደጠፋ ነው ያለፈው፤ ድንኳኑ ግን አልጨለመም። የዕድሩ ሰዎች መብራቱን ከየት እንዳመጡት ማንም አልጠየቀም፣ ሐጂም በዚያ ኀዘናቸው አላዩም። ለአምፖሉ አንድ ባትሪ ይበቃል፤ ሾፌሩ ከሁለቱ አንዱን ፈትቶ ሰጥቷል። ሲመልሱለት ወደ እኔ ሳያመጣ መልሶ አሰረው። ዲናሞው ይሞላዋል ብሎ ይሆናል። ዲናሞ ግን ሁለቱን በአንድ መስመር ነው የሚመግበው፤ ለጠገበውና ለተራበው እኩል ያድላል። መኪናው ቀን በፀሐይ እያቃሰተም ቢሆን ሲነሳ ሰንብቶ፣ የታኅሣሥ ጠዋት ላይ ተያዘ።

"ንገራቸዋ" አልኩት።

"ለለቅሶ የሰጠሁትን? አንቺ ደግሞ! ነውር አይደለም እንዴ?"

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ውኃ የቀዳ፣ እንጨት የፈለጠ፣ ድንኳን የተከለ፣ ለቅሶ ላይ ያደረገውን አያወራም። ያወራ እንደሆነ ያደረገው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

በባጃጅ ከሱቄ የሞላ ባትሪ አምጥቼ በደከመው ቦታ በውሰት ተካሁ። ሞተሪኖው ሁለቴ አቃሰተ፤ በሦስተኛው ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ ተነሳ። ጫኞቹ አጨበጨቡ። ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

ሐጂ ግን ፊታቸው አልተፈታም። "የዛሬን አድርስ" አሉት ሾፌሩን። "ከዛሬ ወዲያ ሌላ ሰው ይጭንልኛል። ባትሪውን መጠበቅ ያቃተው ሰው በርበሬዬን እንዴት አድርጎ ይጠብቃል?"

ሾፌሩ እሺ ብሎ መሪውን ያዘ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ሐጂ፣ በእናትዎ ለቅሶ ድንኳኑን ሦስት ቀን ያበራው ይሄ ነው" አልኩ፣ መሬት ላይ ያስቀመጥኩትን ባትሪ እያሳየሁ። "የደከመውም በዚያው ነው።"

ሐጂ ባትሪውን አዩት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

"እውነቷን ነው?"

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሐጂ፣ ለቅሶ'ኮ ነው።"

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። "አላህ ይስጥህ" አሉት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሌላውን መኪና አትምጣ አሉት።

ሾፌሩ ሊሄድ ሲል መስታወቱን ዝቅ አደረገ። ያመሰግነኛል ብዬ ተጠጋሁ።

"ሰጥቼ የረሳሁትን አስቆጠርሽብኝ" አለኝ።

"ሥራህ ሊሄድ ነበር'ኮ!"

"ንገሪልኝ አልኩሽ?"

የደከመውን ባትሪ አስጭኖ ሄደ። ዛሬም የሐጂን በርበሬ የሚጭነው እሱ ነው። እኔ ልክ ነበርኩ እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የእሱን ፊት አስታውሼ እንጃ እላለሁ። የተዋሰውን ባትሪ በማግሥቱ በሰው ላከልኝ፣ ጠርጎ፣ አጽድቶ። መንገድ ላይ ሰላም ይለኛል። ባትሪው ሲደክም ግን ወልቂጤ ድረስ ወስዶ ነው የሚያስሞላው።