የአርባ ሰው ፈቃድ

ሪግሞር ሊንግሶን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚወዳት ሰው አልነበረም። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጋር ተገጥሞ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል። የልጆቿን ስም አውቃለሁ፤ ጉልበቷን መቼ እንደታከመች አውቃለሁ፤ ምሳዋ ሁልጊዜ ጥቁር ዳቦ በጉበት ቅባት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ወድጃት አላውቅም።

መሥሪያ ቤታችን ኤስቢየርግ ወደብ አጠገብ ነው። ባሕር ላይ ለሚተከሉ ማማዎች ቧንቧና ብረት እንነድፋለን። መሐንዲሶቻችን መቶ አሥር ናቸው፤ ሁሉም የሚነድፉበት ሶፍትዌር ግን የተገዛው በአንድ ጊዜ ለአርባ ሰው ብቻ ነው። አርባ አንደኛው ሰው ሲከፍተው «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። የሪግሞር ሥራ ይህን በር መጠበቅ ነበር። ማን ከፈተ፣ ስንት ሰዓት ያዘ፣ ማን ከፍቶ ትቶት ምሳ ሄደ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ዘጠና ቀን ያልተጠቀመበት ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል፤ መመለስ ከፈለገ ጠረጴዛዋ ፊት ቆሞ ምክንያቱን መናገር አለበት። እሷ ቅጹን እየሞላች ቀና ብላ እንኳ አታየውም።

«ታምሜ ነበር» ይላታል አንዱ።

«ከመቼ እስከ መቼ?» ትላለች።

በዚህ የተነሳ ስሟ «ዘጠና» ሆኖ ቀረ። በኮሪደሩ ስታልፍ «ዘጠና መጣች» ይባባላሉ፤ ትሰማለች። ሥራዋን ግን አበጥራ ታውቃለች። በመጣችበት ዓመት ማንም የማያውቃቸው ሦስት መቶ የሚሆኑ ፕሮግራሞች በየኮምፒውተሩ ተረስተው አገኘች። ከሞተ ሁለት ዓመት ላለፈው ሰው የሶፍትዌር ፈቃድ ስናድስ እንደኖርንም ያወቅነው ከእሷ ነው። ይህንን ካንቲን ውስጥ እንደ ቀልድ አወራችው። ሟቹ ጓደኛችን ነበር፤ የሳቀ ሰው አልነበረም።

አብረን በሠራንበት በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በጥር ከኮፐንሃገን አዲስ የክፍል ኃላፊ መጣልን። ያኒክ ሆልክ ይባላል፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ በሩጫ ጫማ ቢሮ ይገባል፤ ሰውን ሁሉ ትከሻውን ይዞ ያናግራል። በመጣ በወሩ ሥራ በዛብን፤ ፖላንድ፣ ግዳንስክ ውስጥ ያሉ ሃያ ሦስት ነዳፊዎችን በንዑስ ኮንትራት ያዘና የእኛኑ ሶፍትዌር በእነሱ ኮምፒውተሮች ላይ አስጫነው። ውሉ ይህን በግልጽ ይከለክላል። ሪግሞር ልትነግረው ስትገባ እኔ የጉዞ ቅጽ ላስፈርም እዚያው ቆሜ ነበር።

«ያኒክ፣ ይሄ ውል መጣስ ነው። ከሶፍትዌሩ ባለቤት ቆጣሪዎች ቢመጡብን መውጫ የለንም» አለችው። «ኢሜይል ልጽፍልህ ነው።»

«ኢሜይል አትጻፊልኝ። ኢሜይል አይሞትም» አለ እየሳቀ። «ካስጨነቀሽ በወረቀት አምጪው።»

ታትሞ በእጇ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ያኒክ አነበበው፤ ከዚያ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ከታች «አይቼዋለሁ» ብሎ ጻፈበትና ፈረመ። «አሁን ትተኛለሽ?» አላት። ወረቀቱን ይዛ ወጣችና የፕሮጀክቱ ሰማያዊ ቦክስ ፋይል ውስጥ ከተተችው። የጉዞ ቅጼም ተፈረመልኝ።

በግንቦት ሃምሳ ስምንተኛ ዓመቷን ያዘች። እኛ ዘንድ ልደት ያለው ሰው ኬኩን ራሱ ያመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ባንዲራ ይቆማል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ይሰበሰባል። ሪግሞር ባለ ሦስት ድርብ ኬክ ራሷ ጋግራ፣ በክሬምና በእንጆሪ አልብሳ ይዛ መጣች፤ ለሠላሳ ሰው ይበቃል። ሰባት ሰው መጣ። ከሰባቱ አንዱ ኤጎን ቱውሰን ነበር፤ የስልሳ አንድ ዓመት ነዳፊ፤ የክፍላችን ሳቅ ከእሱ አፍ የሚወጣ፣ ሁሉም የሚወደው ሰው። ሪግሞር ቁራሹን ስትዘረጋለት እጁን ወደኋላ ሰበሰበ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «መጀመሪያ መዝግቢኝ እንጂ! በዘጠና ቀን ካልጨረስኩት መልሰሽ ልትወስጂው ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሰባት ሰው እንደዚያ ይስቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔም ሳቅሁ። ሪግሞር ሳህኑን እንደዘረጋች «ብላ፣ ኤጎን» አለችው። በላ። ሰው ሲበተን የተረፈውን ኬክ ከነካርቶኑ አንስታ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣለችው። ባንዲራውን ግን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ አስገባችው።

በሦስተኛው ሳምንት ያኒክ ጠራት። አርባው ቦታ አልበቃ ብሎት ነበር።

«የማይከፍቱትን አይደለም የምፈልገው» አላት። «እነሱን ደንብሽ ይይዛቸዋል። ከፍተው የሚተኙትን አውጪልኝ።»

ሪግሞር እንዲህ ያለ ዝርዝር ከማውጣቷ በፊትም ስለ ኤጎን ታውቅ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ ሶፍትዌሩን ይከፍታል፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይዘጋዋል፤ በመካከል ምንም የለም። ዓመት ከሁለት ወር እንደዚህ ኖሯል። የግራ ዓይኑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ አንዱ መስመር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ለማንም አልተናገረም፤ እኛ ግን ወፍ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ስክሪኑን ሲያይ እናየው ነበር። የክፍሉ ሰዎችም ሥራ እየቀነሱለት ቆይተው በኋላ ጨርሰው መላክ ትተው ነበር። ሶፍትዌሩ ተከፍቶ ፊቱ መታየቱ ብቻ ነበር ነዳፊ የሚያሰኘው። ሪግሞር አንድ ቀን «ኤጎን ዛሬም አንድ መስመር ሳይስል ዋለ» ብላኝ መዝገቡን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አንስታው አታውቅም።

አሁን ስክሪኗ ላይ ከሁሉ በላይ የእሱን ስም አየሁ።

«ሪግሞር፣ ኤጎንን?»

«ቁጥሩ ነው የሚናገረው።»

«ዓመት ሙሉ ሲናገር ዝም ብለሽው አልነበር እንዴ?»

«ዓመት ሙሉ ኬኬን አልበላም ነበራ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ክፍሉ በሙሉ አብሮ ቁርስ ይበላል፤ ትኩስ ዳቦ፣ ቅቤ፣ አይብ። ያኒክ በዚያ ቀን ግድግዳው ላይ ሠንጠረዥ አበራብን። ርእሱን «እንቅልፋሞቹ» ብሎታል። ስም አይወጣም ብሎ ለሪግሞር ነግሯት ነበር፤ ስሙ ግን እንዳለ ወጣ። አንደኛ ኤጎን ቱውሰን። በአማካይ በቀን ዘጠኝ ጠቅታ።

«ኤጎን፣ እስቲ ንገረን» አለ ያኒክ፣ ቡናውን እንደያዘ። «ዘጠኙ ምንድን ናቸው?»

ኤጎን ዳቦውን እንደያዘ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ አላውቅም፤ ማንም ተነስ አላለውም።

«አንዱ መክፈቻው ነው» አለ። «አንዱ መዝጊያው። ሰባቱን... ሰባቱን ረሳኋቸው።»

ሳቅን። እሱ ሲናገር መሳቅ ለምዶብን ነው። አገጩ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ሳቄን ሳልጨርስ ነበር። ዓይኑ የታመመ መሆኑን ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ ቢናገር ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ቢያንስ አሥራ አምስታችን እናውቅ ነበር። ቅቤውን ተቀባበልን።

ሰኞ ዕለት ኤጎን ምድር ቤት ወረደ። እዚያ የሠላሳ ዓመት ቦክስ ፋይል ተደርድሮ ይገኛል። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ የንድፍ ሥዕል የሆነውን በስካነር ያስገባል፤ ከሥዕል ውጪ ያለውን ወረቀት ሁሉ መቆራረጫው ማሽን ውስጥ ይጨምራል። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዶቻችን ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ እንልለት ነበር። እየቀለደ ይቀበለናል። በኋላ መቀለዱን ተወ፤ እኛም መውረዱን ተውን።

ቆጣሪዎቹ በመስከረም መጡ። የሶፍትዌሩ ባለቤት የላካቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፤ ትሑቶች፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ሁለት ሳምንት ተቀምጠው እያንዳንዱን ኮምፒውተር ቆጠሩ። ግዳንስክ ያሉትን ሃያ ሦስቱን በሦስተኛው ቀን አገኟቸው። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ያኒክንና ሪግሞርን ጠርቶ ጠየቀ።

ያኒክ ሳያመነታ «የፈቃድ ኃላፊዋ እሷ ናት። እንደማይቻል ቢነገረኝ ኖሮ እንዴት አደርገው ነበር?» አለ።

ሪግሞር ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ቢነጣም የተረጋጋች ነበረች። «የፈረመበት ወረቀት አለኝ» አለችኝ። «ሰማያዊው ቦክስ ፋይል ውስጥ ነው። ነይ አብረሽኝ፤ ጉልበቴ ደረጃውን አይችለውም።»

ላይኛው ፎቅ ያለው የፕሮጀክቱ መደርደሪያ ባዶ ነበር። ፋይሎቹ ባለፈው ሳምንት ወደ ምድር ቤት ተልከዋል።

ስንወርድ ኤጎን ምሳውን እየበላ ነበር። ሄሪንግ ዓሣ በጥቁር ዳቦ። ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየና መብላቱን ቀጠለ።

«ኤጎን» አለችው፣ «የግዳንስኩ ፕሮጀክት ሰማያዊ ፋይል ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል። ማክሰኞ ነው የጨረስኩት።»

«ከፊት ለፊቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበረበት።»

«ነበረበት።»

«የት አደረግኸው?»

በሹካው መቆራረጫ ማሽኑን አሳያት። አጠገቡ ሦስት ትልልቅ ከረጢት ሙሉ የተቆራረጠ ወረቀት ቆሞ ነበር። «ሥዕል አልነበረም» አላት። «እኔ ሥዕል ነው የታዘዝኩት።»

ሪግሞር ወደ ማሽኑ ቀረበች። «ምን እንደሆነ ሳታየው ነው?»

«አይቼዋለሁ። አንድ ዓይኔ ገና ይሠራል። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ፊርማውንም አይቻለሁ።» አፉን በወረቀት ጠረገ። «ሰባት ሰከንድ ነው የፈጀብኝ፤ ከፈለግሽ መዝግቢው።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ሪግሞር አንዱን ከረጢት ልትከፍት ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ቀና አለች። ኤጎን ሁለተኛውን ዳቦ አነሳ።

ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ነክታኝ አታውቅም።

«ዶርተ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ» አለችኝ። «ሲፈርም ቆመሽ ነበር። አንቺ ከተናገርሽ ይበቃል።»

ሦስት ዓመት ነበር ለጡረታዬ የቀረኝ። ባለቤቴ ወደቡ ላይ ከነበረው ሥራ ተቀንሶ ቤት ተቀምጧል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤዋለሁ ብል ውሸት ነው። ያሰብኩት ያኒክ ትከሻዬን ሲይዘኝ ብቻ ነው፤ ፈራሁ።

«አላስታውስም፣ ሪግሞር» አልኳት።

ክንዴን ለቀቀችኝ። «እሺ» አለች፤ የቀረውን ደረጃ ብረቱን እየያዘች ብቻዋን ወጣች።

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተች። ያኒክ አበባ አዘዘላት፤ ካርዱ ላይ ሁላችንም ፈረምንላት። ስሟን ከዝርዝሩ እንዳወጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዋም ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ። ያኒክ በዓመቱ ዕድገት አግኝቶ ወደ ኦርሁስ ከተማ ሄደ። የኤጎን ቀኝ ዓይንም ተበላሽቶ ዕድሜው ገና ሳይደርስ በጤና ምክንያት ጡረታ ወጣ፤ በመጨረሻ ቀኑ ኬክ አላመጣም፤ እኛም ምድር ቤት አልወረድንም። «እጅህ እንዴት እሺ አለህ?» ብዬ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ የኔን እጅ ሳስበው ተውኩት።

ሪግሞርን ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከወደባችን ትይዩ ወዳለው ደሴት በሚሻገረው ጀልባ ውስጥ አገኘኋት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው መሻገሪያው፤ ሌላ ወንበር አልነበረም፤ ጎኗ ተቀመጥኩ። ደሴቱ ላይ የሽማግሌዎች መኖሪያ ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደምትሠራ ነገረችኝ። አንሶላ ታጥፋለች። እጆቿ ቀልተው ቆዳቸው ተላልጧል።

«ይቅር በይኝ» አልኳት፣ ውኃውን እያየሁ።

«ለምኑ? አላስታውስም ነበር ያልሽው» አለችኝ።

ጀልባው ሲጠጋ ተነስታ ከሰዎቹ ኋላ ቆመች። የብረቱ መረማመጃ ሲወርድ ዞር ብላ «ጡረታሽ መቼ ነው?» አለችኝ።

«በመጋቢት።»

«ቀርቧል» አለችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቅላ፣ በነፋሱ ውስጥ እያነከሰች ወደ አውቶቡሱ ሄደች።