ሽማግሌዎቹ መምህር ዳሂርን ሊወስዱ የመጡ ቀን

ያን ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን። መምህር ዳሂር፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊና የትልልቆቹ ልጆች አስተማሪ። ከድራ፣ ትንንሾቹን የምታስተምር ወጣት። ሐጂ ኑር፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ሞራ የወጣባቸው ሽማግሌ። ጎልማሳው ጌዲ፣ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት። ሦስተኛ ሽማግሌም ነበሩ፤ ስማቸውን አላወቅሁም፤ ግድግዳ ተደግፈው ሲያንቀላፉ ነበር። ተማሪዎቹም ነበሩ፣ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ላይ የተቀመጡ፤ ከእነሱ መካከል ልጄ ሳምራዊት። ሻይ የማፈላውና ግቢውን የምጠርገው እኔ ዘነበች ነበርኩ።

ይህን የማስታውሰው ሳምራዊት ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነው። አሁን እሷም እናት ሆናለች። የራሷን ልጅ ትምህርት ቤት ልታስገባ ወረፋ ይዛ ሳለ፣ «እማ፣ ሐርጌሳ ያኔ ማን ነበር ያስገባኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር አልሆነልኝም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ድሬዳዋ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ሐርጌሳ የሄድነው ከተማዋ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና መቆም ስትጀምር ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር፤ ያኔ ደግሞ ግንበኛ እንደ ሐኪም ይፈለግ ነበር። ኮድቡር በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። ብዙም ሳንቆይ ባሕሩ ዳር፣ በርበራ ወደብ ሥራ አገኘና ወረደ፤ እኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለሁ ልጅ፣ ከልጄ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። በሰፈሩ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የተወሰደ ቤት ብዙ ነበር፤ በመስኮቱ ስታይ ማዶው ሰማይ ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ያለበት ቦታ ፈንጂ አለ ብለው ስለነገሩን፣ ሳምራዊትን ከመንገዱ መሀል ፈቀቅ እንድትል አልፈቅድላትም ነበር። ቀይ ጨርቅ በሩቁ ባይ እንኳ እጇን ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ። «እማ አመመኝ» ትለኛለች። እኔ እንደሆንኩ እንዲህ ነኝ፤ ዛሬም አልተሻለኝም።

ትምህርት ቤቱን የሠሩት የሰፈሩ ቤተሰቦች ናቸው። ድንጋዩን ከፍርስራሹ ለቅመው፣ ተሸክመው። ስለዚህ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ነው። ሰው የሚታወቀውም የሚጠበቀውም በጎሣው ነበርና ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። ግን ለእኔና ለልጄ መልስ አልነበረውም። እኛ የማንም አልነበርንም። ሳምራዊትን የተቀበሏት መምህር ዳሂር ናቸው። ስደት ላይ ሳሉ እኛ አገር በስደተኞች ካምፕ ድንኳን ውስጥ አስተምረው ነበርና አማርኛ ይችላሉ። ወላጆች «ይቺ ደግሞ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «እኔ አለሁላት» ነበር መልሳቸው። ከእሳቸው ሌላ «አለሁላት» የሚል ሰው አልነበረንም።

ያን ጠዋት የጂላል ንፋስ፣ ያ የበጋው ደረቅ ንፋስ፣ አቧራውን ከደረቁ ወንዝ እያነሳ ያመጣው ነበር። ለልጆቹ ላሖሕ፣ እንጀራ መሰሉን ስስ ቂጣቸውን፣ በስኳር እየጠቀለልኩ ሳለ ከድራ እየሮጠች መጣች።

«አንቺ ሐበሻ፣ ሻይሽን አሳምሪ! ሽማግሌ መጥቶልናል።»

«ለአንቺ ነው? ባል ተገኘልሽ?»

«እኔንማ ማን ይወስደኛል! መዓሊንን ሊወስዱት ነው እንጂ» አለች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። መዓሊን ማለት መምህር ነው። በፓርላማ የመምህሩን ጎሣ ወክለው የነበሩት ሰውዬ ሞተው ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ነበር። ያኔ የፓርላማ ሰው ጎሣው ተመካክሮ የሚልከው እንጂ ሕዝብ በድምፅ የሚመርጠው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የተስማሙት በመምህር ዳሂር ላይ ነው።

እሳቸው ከሄዱ የልጄ ነገር አለቀ። ሻዩን በወተትና በሄል እያፈላሁ፣ እምቢ እንዲሉ በሆዴ ጸለይኩ። ለአገሩ ይጠቅማሉ፣ አይጠቅሙም የሚለው በሐሳቤ አልመጣም። እናት በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚታያት አንድ ልጅ ብቻ ነው።

ሻዩን ይዤ ስወጣ ሦስቱ እንግዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ ሊለምን ሲሄድ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም። እነዚህ ግን ተመቻችተው ተቀምጠዋል። እንግዲያው መምህሩ እሺ ብለዋል፣ ነገሩ አልቋል አልኩ። ሻዩን በየፊታቸው አስቀምጬ ጥግ ቆምኩ።

ማንም አልነካውም። መምህር ዳሂር «ትምህርቱን ልጨርስና እንነጋገራለን» ብለው ወደ ልጆቹ ተመለሱ፤ ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እየጻፉ ያስረዳሉ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። ሻዩ ሰፈፍ ያዘ። ከዚያም አቧራ አረፈበት። የሚለምኑት ነገር አልቆ ሻዩን ያልቀመሱት ለምንድነው? ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም፤ ያፈላሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። የክርስቲያን እጅ፣ የባዕድ እጅ ስለሆነ። ፊቴ ጋለ። ቀዝቅዞ ከሚዋረድብኝ ብዬ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አነሳሁ።

ጌዲ ብድግ አለ። «አያችሁ? ሻዩን አስነሳብን! እምቢ ማለቱ እኮ ነው! በሴት አስባረረን!»

«ተቀመጥ አንተ» አሉ ሐጂ ኑር፣ በከዘራቸው ጉልበቱን እየነኩ።

«አልቀመጥም! ወላሂ፣ እንዲህ ተደርጌ አላውቅም!»

የተኙት ሽማግሌ ነቅተው «ምን አለ? እሺ አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሳቁ። መምህር ዳሂር ጠመኔውን አስቀምጠው መጡ፤ ብርጭቆ እንደታቀፍኩ ሲያዩኝ በአማርኛ አናገሩኝ።

«ዘነቡ፣ ምነው ምን ሆንሽ?»

«ከእኔ እጅ አይጠጡም መምህር። ምን ላድርግ?»

«ከአንቺ እጅ?» አሉ። «ሻይሽ አይደለም። ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ የሰውየውን ውሃ እንኳ አይቀምስም። እኔ ገና ምንም አላልኳቸውም።»

ገና ምንም አላሉም! በደስታ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያልኩትን ለሽማግሌዎቹ በሱማልኛ ነገሯቸው። ሱማልኛዬ ትንሽ ቢሆንም ያን አልሳትኩትም። ጌዲ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሐጂ ኑር በደህናው ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«የማን ናት?» አሉ።

«የማንም አይደለችም» አሉ መምህሩ። «እኔን ከፈለጋችሁኝ መጀመሪያ እሷ የማን እንደሆነች ንገሩኝ። እኔ ከዚህ ስነሳ ልጇን ከዚህ ቆርቆሮ ላይ የሚያስነሳት ሰው ይመጣል።»

«ፓርላማ እየጠራንህ የምታወራው ስለ አንዲት ልጅ ነው?» አለ ጌዲ።

«ስለዚህች ልጅ መናገር ካቃተኝ እዚያ ሄጄ ስለ ምን ልናገር ነው?»

ሦስቱ አንገት ለአንገት ገጥመው ተንሾካሾኩ። ንፋሱ የሰሌዳውን ጥግ ያንኳኳል። ከድራ መጥታ ክንዴን ያዘች። በመጨረሻ ሐጂ ኑር ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ልጆቹም ሁላችንም እንድንሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ እናትየውም ልጅቱም የእኛ መገን ናቸው። የነካቸው እኛን ነክቷል።» መገን ማለት ጎሣ እንደ ራሱ ሰው የሚጠብቀው እንግዳ እንደሆነ ከድራ በጆሮዬ ነገረችኝ።

መምህር ዳሂር ወደ ልጆቹ ዞሩ። የጀመሩት ክፍልፋይ ሰሌዳው ላይ ነበር። እስኪበቃቸው አዩትና «እሺ» አሉ፤ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። እኔም ሻዩን አሙቄ አመጣሁ፤ ሐጂ ኑር መጀመሪያ ከእጄ ተቀብለው ጠጡ።

ቃላቸውን ጠበቁ። በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ኃላፊ «ይህች የማን ናት?» ብሎ ሳምራዊትን ሲያስቆማት፣ ሐጂ ኑር ታመው ሳሉ በሰው ተደግፈው መጡ። ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብለው «የኔ ናት» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጄ ስምንተኛ ክፍልን እዚያው ጨረሰች።

መምህር ዳሂር ግን ለክራባት የተፈጠሩ ሰው አልነበሩም። ከንጋት ጀምሮ በራቸው ላይ ሰው ይሰለፋል፤ ሥራ የሚፈልግ፣ መሬት የተነጠቀ፣ ልጁ የታሰረበት። ጸጉራቸው ባንድ ክረምት ሸበተ። ለትምህርት ቤቶች ጣሪያ ይሠራ ብለው በተናገሩ ቁጥር መንገዱ ይቅደም፣ ወደቡ ይቅደም እንደሚሏቸው አንድ ቀን አጫወቱኝ። አልፎ አልፎ መጥተው ከክፍሉ ውጭ ግድግዳ ተደግፈው የሚማሩትን ልጆች ያዳምጡ ነበር። «ግቡ እንጂ መምህር» ስላቸው፣ «ክፍሉ የሌላ ሰው ነው» ይሉኛል። በኋላ ሕዝቡ በድምፅ መምረጥ ሲጀምር ተወዳድረው ተሸነፉ። ወደ ማስተማር ልመለስ ቢሉም ዓይናቸው ደክሞ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ አያነቡም ነበር።

ለልጄ እንዲያ የሆኑላትን ሰው ሥራቸውን የወሰደባቸው ያ ቀን መሆኑን ሳስብ አንዳንዴ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። እኔ በጸለይኩት ቢሆን ኖሮ አስተማሪ ሆነው ያረጁ ነበር፤ ልጄም ከእሳቸው በቀር ጠባቂ ሳይኖራት ትቀር ነበር። የትኛው ይሻል እንደነበር የሚፈርድ አእምሮ የለኝም። የማውቀው፣ አንድ ሰው የሚወደውን ሥራ ሲለቅ ለራሱ ምንም ሳይጠይቅ ለእኛ እንደጠየቀ ነው።

ከሐርጌሳ ስንወጣ ልሰናበታቸው ሄጄ ነበር። ዓይናቸውን ሊታከሙ ወጥተዋል አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ በቤቱ የነበሩት አላወቁም። ከዚያ ወዲህ ምንም አልሰማሁም። ከሐርጌሳ የምትመጡ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ኮድቡር ያስተምሩ የነበሩትን፣ በኋላም ፓርላማ የገቡትን መምህር ዳሂርን የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት መኖራቸውን፣ ዓይናቸውም ያይ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።