ክዳን የሌለው ባሕር

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልገዛበት በነበረው እቁብ የባሕር ዓሣ ገንዳ ገዛሁበት። ምክንያቱን ለጠየቀኝ ሁሉ "ለልጄ ነው" እል ነበር። ውሸት አይደለም። ግን በዚያ ሰሞን ዕቃ ሳጥብም ሽንኩርት ስልጥም የማስበው የባሌን ታላቅ እህት ፊት ነበር። ሳሎኔ ውስጥ ቆማ ገንዳውን ስታይ የሚኖራትን ፊት።

ነገሩ የጀመረው በገና ዕለት ነው። የባሌ እህት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የግቢ ቤት አላት። ሳሎኗ ውስጥ ከቡፌው ጎን የጨው ውሃ ገንዳ ነበራት። ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች ይዋኙበታል፤ ከኋላቸው የባሕር ቁጥቋጦ የሚመስል የፕላስቲክ ኮራል ተተክሏል። እንግዳ ሁሉ ሳይቀመጥ በፊት ወደዚያ ይወሰዳል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረችው ልጄም ሄዳ ቆመች። ለዓሦቹ ምግብ ለመስጠት ክዳኑ ተከፍቶ ስለነበር ጣቷን ነክራ አወጣች። አይቻት "ተይ" አልኳት። ተወች። ሌላ ያደረገችው ነገር የለም።

ምሳው ሳይነሳ ዓሦቹ መንጋለል ጀመሩ። አንዱ በጎኑ ተንሳፈፈ፤ ሌላው ጥግ ላይ ወድቆ አፉን ይከፍታል። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። የባሌ እህት ልጄን ከመሀል ጠርታ እጇን ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

"ምንድን ነው የቀባሻት?" አለችኝ።

"ቅባት ነው እትዬ። ብርዱ እጇን እንዳይሰነጣጥቀው ብዬ ነው።"

"በዚህ እጇ ነዋ የጨረሰቻቸው። ጎሽ። እናቲቱ ካልተማረች ልጂቱ ከማን ትማር?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ባሌ አጠገቤ ነበር። የያዘውን አጥንት ሳህኑ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን በሶፍት ጠረገ። የአክስቷ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን "መርዝ" ብለው ይጠሯት ጀመር።

ልጅ ይረሳል ሲባል ሰምቻለሁ። የእኔዋ አልረሳችም። እጆቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ መደበቅ ጀመረች። የጎረቤታችንን ሕፃን መሸከም ትወድ ነበር፤ ሲያቀብሏት ወደ ኋላ ትላለች። ደረጃው ሥር የምትውለውን ድመት እንኳ በእግሯ ጫፍ ብቻ ነው የምትነካት። አንድ ቀን ቅባቱን ይዤ ስጠጋት "እሱን ተይው እማዬ" አለችኝ። እጇ እስኪደማ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ነው የባሌን እህት በእውነት የጠላኋት።

የከፋው ደግሞ እኔም ግማሽ በግማሽ ማመኔ ነበር። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ቅባት የባሕር ዓሣ ይግደል አይግደል በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ስልኬ ላይ ገንዳ ያላቸውን ሰዎች ማየት ጀመርኩ። የሚናገሩትን ቋንቋ አልሰማም። እጃቸውን ነው የማየው። ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ያስገባሉ፣ ድንጋይ ያነሳሉ፣ ኮራል ያስተካክላሉ፤ ዓሦቹ በጣቶቻቸው መሀል ያልፋሉ። አንድም ሲሞት አላየሁም። በጣት ጫፍ ባሕር ሙሉ ዓሣ አያልቅም አልኩ። ይሄንን ግን አፌ ቢናገረው ማን ይሰማኛል? ሳሎኔ ላይ አስቀምጬ ለባሌ እህት ላሳያት ቆረጥኩ። እሷ የፕላስቲክ ኮራል ካላት እኔ ሕይወት ያለው ይኖረኛል። የልጄ እጅ ውስጡ እየገባ ሁሉም በሕይወት ይኖራል። እሷም ቆማ ታያለች።

ከቤቴ ከሀና ማርያም ወደ ላፍቶ ሲኬድ ዓሣና ዕቃውን የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሻጩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። መጀመሪያ ያሳየኝ ትንሽዬ፣ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ የምትቀመጥ ገንዳ ነበረች።

"ለጀማሪ ይቺ ትበቃሻለች እህቴ። ቦታ አትይዝ፣ ታምራለች።"

"ትንሽ ውሃ ቶሎ አይበላሽም?" አልኩት።

አየት አደረገኝ። "ይበላሻል። ትልቁ ይታገሳል። ትንሹ አንድ ቀን ከረሳሽው አለቀ።"

"ታዲያ ለጀማሪ ለምን ትሰጠኛለህ?"

ሳቀ። "ሁሉም ትንሹን ስለሚወስድ ነዋ።"

ትልቁን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩትን ሁሉ ብጽፈው ሰው ይታክተዋል። እኔ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ሳልጨርስ ለልጄ ሽሮፕ የማልሰጥ ሴት ነኝ። መብራት ሲጠፋስ? በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አለ አለኝ። የክረምቱ ብርድስ? ማሞቂያው ያለ ማቋረጥ ይሠራል። የቧንቧ ውሃስ? እንዳለ አይገባም፤ ማጣሪያ ያስፈልገዋል፤ ጨውም የወጥ ቤቱ ሳይሆን ለዚሁ ተብሎ የሚመጣ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ይችላል ወይ? ግድግዳው ሥር፣ ከመስኮት ራቅ አድርገን እናስቀምጠዋለን። ኮራል ውስጥ መርዝ ያለው አለ ወይ? እዚህ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲቆረጥ ወይም በፈላ ውሃ ሲታጠብ የሚጎዳ ዓይነት አለ አለኝ፤ ያሳየኝም ከሁሉም የሚያምረውን አረንጓዴውን ነው።

"እሱ ቤቴ አይገባም" አልኩት።

ቆዳ የሚመስለውንና እንደ እንጉዳይ የተዘረጋውን ለስላሳ ዓይነት መረጥኩ። ብዙ ብርሃን አይጠይቁም፣ ቶሎም አይሞቱም። ዓሣ ደግሞ ነጭ ሰንበር ያላቸው ብርቱካናማ ጥንዶች። በመጨረሻ ክዳን ያለውን ገንዳ አመጣልኝ።

"ክዳኑን አልፈልግም። ከፍታውም ይቀነስ። የአሥር ዓመት ልጅ ቆማ ክንዷን እስከ ክርኗ የምታስገባበት ይሁን።"

"ሌሎች እናቶች ልጅ እንዳይነካው ቁልፍ አድርግልን ነው የሚሉኝ" አለ።

"እኔ እንዲነካ ነው የምፈልገው።"

ዓሣው እንዳይዘል ከላይ ተነስቶ የሚቀመጥ ቀጭን መረብ ሠራልን፤ በዚያ ተስማማን።

ሊገጥም ቤቴ የመጣ ቀን ነው ዋናውን ነገር የሰማሁት። ከገንዳው ሥር አንድ ማሽን አስቀመጠ። የቤቱን አየር በቀጭን ቱቦ ስቦ ውሃው ውስጥ አረፋ የሚያደርግ፣ ቆሻሻውን በአረፋው የሚያወጣ ማሽን ነው። ቱቦውን እያስተካከለ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"ፍሊት ትነፋላችሁ?"

"በረሮ ሲበዛ። ምነው?"

"ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነፉ። ይሄ የሚስበው እናንተ የምትተነፍሱትን አየር ነው። ፍሊት ከተነፋ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባል። ደንበኞቼ ዓሣ የሚያልቅባቸው በዓል በዓል ነው። እንግዳ ይመጣል ብሎ ሰው ሁሉ ጠዋት ቤቱን ይነፋል፤ ማታ ይደውልልኛል።"

ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የገናን ጠዋት አስታወስኩት። እኔ የወንድም ሚስት ስለሆንኩ ለበዓሉ ሥራ የምሄደው ማልጄ ነው። ስደርስ የሳሎኑ በር ተዘግቶ ነበር። የባሌ እህት ለሠራተኛዋ ቆርቆሮውን እያቀበለች "ከሶፋው ሥር፣ ከቡፌው ኋላም አዳርሺው" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሽታው ልጄን እንዳያስላት ፈርቼ መስኮት እስኪከፈት በረንዳ ላይ አስቀምጫት ነበር። ገንዳው ያለው ቡፌው ጎን ነው። ከሥሩም እንደዚሁ ያለ ማሽን ሲያንጎራጉር ይሰማ ነበር።

ሻጩ "አመመሽ እንዴ?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። ደህና ነበርኩ። ከገና ወዲህ እንደዚያ ደህና ሆኜ አላውቅም።

ስልክ አንስቼ ለባሌ እህት ልነግራት እችል ነበር። አልደወልኩም። ብደውል "እሺ፣ ያለፈ ነገር ነው" ብላ ትዘጋዋለች፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እሷ የተናገረችው በሰው ፊት ነው። እኔም ሰው እስኪሰበሰብ እጠብቃለሁ። የባሌ ቤተሰቦች በየተራ የሚያወጡት የመስከረም ማርያም ዝክር በዚያ ዓመት የእኛ ተራ ነበር። ለባሌም አልነገርኩትም፤ ብነግረው ለእህቱ ቀድሞ ያደርስላት ነበር።

ገንዳው ዓሣ ከመግባቱ በፊት ውሃውና ድንጋዩ እስኪረጉ ሳምንታት ባዶውን ቆየ። ከዚያ ዓሦቹ ገቡ፤ ቆይቶ ኮራሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር በባትሪ የሚሠራውን ፓምፕ ይዤ እሮጣለሁ። ልጄ ግን ከሶፋው ሆና ነው የምታየው። "ነይ ምግብ ስጫቸው" ስላት "አንቺ ስጫቸው" ትለኛለች። በግድ አልጎተትኳትም። በዝክሩ ቀን በሰው ፊት እጇን ታስገባለች ብዬ አሰብኩ።

ዝክሩ ሲደርስ ቤቱን ያለ ፍሊት አጸዳሁ። በረሮውን በጫማ ነው ያሳደድኩት።

የባሌ እህት እናቷን ከፉሪ ይዛ መጣች። አማቴ ጆሮዋ የደከመ፣ ዓይኗ ግን ሁሉን የሚያይ ሴት ናት። የባሌ እህት ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ገንዳው ላይ ዓይኗ ወደቀ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ከእኔ ቤት አይተሽ ነው?"

"አዎ እትዬ፣ ከእርስዎ ቤት አይቼ ነው።"

"ኮራሉ እውነተኛ ነው እንዴ?"

"ሕይወት ያለው ነው። መብራቱ ሲጠፋ ይሰበሰባል።"

ጎንበስ ብላ ቆየች። የጠበቅኩት ፊት ይኸው መጣ። ከንፈሯን ወደ ውስጥ ሳበች። "አይቆይልሽም" አለች ቀና ብላ። "የባሕር ዓሣ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።"

"ከፋሲካ ጀምሮ አለ።"

ሰው ተቀመጠ፤ ጸሎቱ ደርሶ ምግብ ቀረበ። ያን ጊዜ ልጄን ጠራኋትና "ምግባቸውን በእጅሽ ስጫቸው" አልኳት። ቤቱ ዞሮ አያት። ልጄ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ አስገብታ መሬት መሬት አየች።

"ተያት እንጂ" አለች የባሌ እህት ፈገግ ብላ። "እሷስ ራሷን ታውቃለች።"

ያሰብኩት ተበላሸ። ልጄን ሰው መሀል አቁሜ ሁለተኛ አሳፈርኳት ብዬ ደሜ ፈላ። ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩ።

"እትዬ፣ ያኔ የገና ጠዋት ሳሎኑ ፍሊት ተነፍቶ ነበር አይደል?"

"እኔ እንጃ። ሠራተኛዋ ነፍታ ይሆናል። በዓል ነዋ፤ ማን የማይነፋ አለ?"

"ከቡፌው ኋላም?"

"በረሮው የት ነው የሚኖረው ታዲያ?"

ሁሉም ሰሙ። ተነስቼ የማሽኑን ቱቦ ወደ አማቴ ዘረጋሁት፤ ሻጩ የነገረኝንም እንዳለ ነገርኳቸው። አማቴ ጣቷን ቱቦው አፍ ላይ አደረገች። "ይስባል" አለች። የባሌ ወንድ ዘመዶችም እየተነሱ አንድ በአንድ ነኩት። የባሌ እህት ጎርሳ ሳታላምጥ ተቀምጣ ነበር።

"ታዲያ ልጅቷ ምን አደረገች?" አለች አማቴ።

አማቴ ፊቷን ወደ ሴት ልጇ አዞረች።

"አንቺን ነው። ልጅቷ ምን አደረገች?"

"ምንም" አለች የባሌ እህት።

"አልሰማሁም።"

"ምንም አላደረገችም አልኩ።"

የአማቴ ጆሮ በመድከሙ ያን ቀን ብቻ ተደሰትኩ። የባሌ እህት አንገቷ ቀልቶ ነበር። ወጥ ጨመርኩላትና "ይብሉ እንጂ እትዬ፣ ይቀዘቅዛል" አልኳት። ሳህኑን ገፋችው። ጠበል ጻዲቁ ሳያልቅ እናቷን ትታ ሄደች።

ባሌ ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባ። "ታላቅ እህቴን አዋረድሻት" አለኝ።

"ልጅህ ስትዋረድ አጥንት ትግጥ ነበር" አልኩት። የውሃ ጆግ ይዞ ወጣ።

ሰው ከተሸኘ በኋላ ሳህን ስሰበስብ ልጄ ገንዳው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። መረቡን አንስታ ክንዷን እስከ ክርኗ ከታዋለች፤ ቀይ ሹራቧ ርሷል። ብርቱካናማው ዓሣ ጣቷን ይገፋል።

"እማዬ፣ አክስቴ አለቀሰች?"

"ዓይኗ ቀላ እንጂ አላለቀሰችም።"

"ብታለቅስ ጥሩ ነበር" አለች።

ጥሩ እናት እዚህ ላይ ትቆጣለች። ሳህኖቹን አስቀምጬ አጠገቧ ቆምኩ። እጇን ሳታወጣ ደግሞ እንዲህ አለች፦

"ሌላ ጊዜ ስትመጣ ሌላው ሰው ሁሉ ይንካው። እሷ ግን እንዳትነካው።"

"እሺ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የባሌ እህት ሁለት ጊዜ መጥታለች። በሁለተኛው እጇን ዘርግታ ነበር፤ "ይቅርታ እትዬ፣ አይነካም" አልኳት፤ ልጄ ከሶፋው ላይ እያየችን።