ለሙሉነሽ ያላሳየኋት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ሰንጋ ተራ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን ነኝ። የሰው ድምፅ እንዲኖር ብዬ ቴሌቪዥን ከፍቼ እውላለሁ። የሚሰማኝ ሌላ የለም፤ እናንተ ስሙኝ።

ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለአንድ የጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች ሽጉጥ አሠለጥን ነበር። ጊዜው አጭር ስለሆነ የቱን እንደሚለማመዱ፣ የቱ እንደሚቀር የምወስነው እኔ ነበርኩ። የመረጥኩት በሁለት እጅ ፈጥኖ ካርታ፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ መቀየርን ነው፤ ባዶውን ጥሎ፣ ጥይት ያለበትን ሰክቶ፣ አቀባብሎ መደገን። ለምን እሱን? ለዓይን ስለሚያምር። አለቆች ሊጎበኙ ሲመጡ ያጨበጭቡ ነበር። ጭብጨባው ደግሞ ለእኔ ነበር።

ከሠልጣኞቹ አንዷ ሙሉነሽ የምትባል የጌጃ ሰፈር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እረፍት ላይ ጠጋ ብላ፣

«ሃምሳ አለቃ፣ አንድ እጄን ቢመቱኝስ? በግራ ብቻ እንዴት ነው የምቀይረው?» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ፊልም አበዛሽ!»

ሁሉም ሳቁባት። እሷም አፍራ አብራቸው ሳቀች። እኔ ግን አውቀው ነበር። ሽጉጡን ጉልበት መሀል ይዞ ካርታ መቀየርን ውትድርና ላይ ተምሬዋለሁ። ባሳያት ምን ነበረበት? ደክሞኝ ነው? አልደከመኝም። ናቅኳት።

ከወራት በኋላ የምትጠብቀው መጋዘን ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ዘራፊዎች ገቡ። መጀመሪያ የመቱት ቀኝ ክንዷን ነው፣ በብረት። ሽጉጡን በግራዋ አንስታ ተኮሰች። ድርጅቱ የሚሰጠው ጥይት ጥቂት ስለነበር ወዲያው አለቀባት። ትርፍ ካርታ ወገቧ ላይ ነበራት። በአንድ እጇ ስትታገል አምልጧት ወደቀ። ዱላ ብቻ ይዞ አብሯት የቆመው ደረጀ በጩቤ ተወግቶ ሞተ።

ኃላፊዎቹ እኔንና ሙሉነሽን ጠሩን። «በአንድ እጅ መቀየር አስተምረዋታል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አስተምሬያታለሁ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ክንዷ በጄሶ ታስሮ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ። እሷን አባረሯት፤ እኔ ሥራዬ ላይ ቆየሁ።

በቅርቡ ልደታ ባቡር ጣቢያ አገኘኋት። ትሸሸኛለች ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ያኔ ባስብ ባስብ ትዝ አልል አለኝ። ግን እርስዎ አስተምሬያታለሁ ካሉ አስተምረውኛል ማለት ነው። እኔ ነኝ የረሳሁት። ደረጀን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። ባቡሩ ገና አልመጣም። እኔ ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኳት፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ። ባቡሩ ሲመጣ ተሰናብታኝ ገባች። እኔ የምሄድበት ጠፍቶኝ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ዛሬም እኔን ይቅርታ እየለመነች ነው የምትኖረው።