በአዴ ሙሚና ካርድ ላይ የጻፍኩት

ይህን ለባሌም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

ወለንጪቲ አቅራቢያ ባለች ጤና ጣቢያ ቁስል የማጥብ ነርስ ነበርኩ። አዴ ሙሚና ገበያ ላይ ቲማቲም የሚሸጡ መበለት ናቸው፤ ቅልጥማቸው ላይ ጠርዙ የጠቆረ ትንሽ ቁስል ይዘው መጡ። የሞተውን ሥጋ በመቀስ አንስቼ፣ አጥቤ በፋሻ ጠቀለልኩት። በሳምንቱ እጥፍ ሆኖ መጣ። እንደገና ቆረጥኩ። እንደገና ሰፋ።

«ሲስተር፣ መቀሱ በነካው ቁጥር ይብስበታል» አሉኝ። «እስቲ ተይው።»

ሰማኋቸው? የት ሰምቼ። «ቅጠል እያደረጉበት ይሆናላ» አልኳቸው፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ።

«ወላሂ አላደረግኩም» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ኃላፊዬ ቁስሉ ለምን እንዳልዳነ ሲጠይቀኝ ፈራሁ። ካርዳቸው ላይ «ታካሚዋ ቁስሉ ላይ የባህል መድኃኒት ቅጠል ታደርጋለች» ብዬ ጻፍኩ። አላየሁም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

አዳማ ሪፈር ሲባሉ ካርዱም አብሯቸው ሄደ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች አመኑት፤ ለምን አያምኑ? እነሱም የተመረዘ ቁስል ነው ብለው ደጋግመው ቆረጡ፤ በመጨረሻ እግራቸው ከጉልበት በታች ሄደ። የተቆረጠበት ቦታ ራሱ እንደዚያው መበላት ሲጀምር ነው የቆዳ ሐኪም የተጠራችው።

ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። «ኢንፌክሽን አይደለም» አለች። «ብዙ የማይገጥም በሽታ ነው። የሰውነታቸው መከላከያ ዞሮ የራሳቸውን ቆዳ ያጠቃል፤ ስለት ሲነካው ይብሳል። የሚያስፈልገው ያንን የሚያበርድ ክኒን ነበር።» ካርዱን ገልጣ አየችው። «ቅጠሉን ግን ማን አደረገበት?»

አዴ ሙሚና እጄን ያዙ።

«እኔ ቅጠል አላውቅም» አሏት። «ይቺ ግን እንደ ወለድኳት ልጅ ነው ያጠበችኝ።»

ማንበብ አይችሉም፤ ካርዱ ላይ የጻፍኩትን አላወቁም። ያኔ አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? ዝም አልኩ። ክኒኑን ጀመሩ፤ ቁስሉ በወራት ውስጥ ገጠመ። እግራቸውን ግን ማን ይመልሳል?

በሽታውን ባለማወቄ ሰው ይቅር ይለኝ ይሆናል። ውሸቱን ግን ሳላውቅ አልጻፍኩትም። ዛሬም እዚያው ወለንጪቲ አካባቢ ነን፤ መንገድ ላይ ሲያዩኝ በክራንቻቸው ቆመው ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ይመርቁኛል። አሜን ብዬ አልፋለሁ።

እዚህ መናዘዜ ለእሳቸው እንደ መናገር አይቆጠርልኝ።