ለአው ቡሽራ ብርቱካን የታጣው ሰም

አዛውንቱን አው ቡሽራን ሐረር የሚያውቃቸው በብርቱካን ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ሐኪም ጋራ ግርጌ ካለችው ጓሯቸው፣ ከአንዲት ዛፍ የሚለቀመውን ፍሬ ግን ገበያው ሁሉ «ቡሽራ» ይለዋል። ሴቶቹ «ቡሽራ ግዙ! ቡሽራ ማር ነው!» እያሉ ሲጮኹ እሳቸው የማይሰሙ መስለው ያልፋሉ። ይሰማሉ እንጂ! በዚያ በኩል የሚዞሩትም ለዚሁ ነው ይባላል። ስማቸውን የሚጠራላቸው ሌላ ማን አለ?

አንድ ክረምት ታዲያ ዛፏ ከሥሯ ሙጫ ማንባት ጀመረች። ቅጠሏ ገረጣ። ከጎንደር ተመድቦ የመጣው የእርሻ ባለሙያ ሙሉጌታ ግንዷን በቢላዋ ጫር ጫር አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«አው ቡሽራ፣ እሷስ አትድንም። ዘሯን ግን እናተርፋለን። ቀንበጧን ቆርጠን በመራራ ብርቱካን ችግኝ ላይ እንከትባታለን።»

«እንከትባታለን» የምትለዋ ቃል ከአጥሩ ወጥታ በግንብ የታጠረችው ጁገል እስክትደርስ መርፌ አበቀለች። ከሰዓት በኋላ ከተማው «አው ቡሽራ ዛፋቸውን የፈንጣጣ ክትባት ሊያስወጉ ነው» ይል ነበር።

ሙሉጌታ ገና ነፍስ ያላቸውን ሦስት ቀንበጦች ቆርጦ ባመጣቸው ችግኞች ላይ ሰካቸው፤ በቃጫም አሰራቸው። የቀረው ማሸግ ብቻ ነው።

«ሰም አቅልጠው ይቀቧቸው። ነፋስ ከገባባቸው አለቀላቸው። ዛሬውኑ!» ብሎ ገበሬዎች ወደሚጠብቁት ወደ ድሬ ጠያራ ከነፈ።

ሰም! የተጣራ ሰም ያለው ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ ወይዘሮ ሥራዬ ጠጅ ቤት። ለአው ቡሽራ ሁለቱም ደጅ አይመችም።

«ወይዘሮ ሥራዬ እኮ ሰፈፉን የሚወስድላት አጥታ ትጥለዋለች» አለች ሚስታቸው ዘምዘም።

«ጠጅ ውስጥ የዋኘ ሰም? ወላሂ አልነካም!»

«ኧረ አንቱ ሰውዬ! የሚቀባው ዛፍ ነው። ዛፍ ሰክሮ ሰው ሲሳደብ አይተዋል?»

«ፍሬውን የሚበላው ሰው ነው!»

ብለው ከሶፊ ከመጣ ገበሬ ማር ከነእንጀራው ገዙ። ማሩን በእጃቸው ጨመቁ፤ የቀረውን ሰም ሳያጥቡ አቀለጡና ቀቡ። ጓሮው ሙሽራ የገባችበት ቤት መሰለ፤ ሽታው ብቻ ያጠግባል።

ሽታው የደረሰው ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። በማግስቱ ጉንዳን ከአጥሩ ሥር ተሰልፎ መጣ። አው ቡሽራ አመድ ነሰነሱ፤ በአመዱ ላይ ተሻገረ። ውሃ ረጩ፤ ዞሮ መጣ። ተንበርክከው አንድ በአንድ መልቀም ያዙ።

ጎረቤታቸው ዓብዱላሂ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «አው ቡሽራ፣ እንግዳ በዝቶብዎታል! ድግሱን ለምን ደበቁን?»

አው ቡሽራ ሌላ ጉንዳን ለቀሙ። ዓብዱላሂም ተንበርክከው ሲለቅሙ ሲያይ ቀልዱን ትቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ጉንዳኑ ማር ፍለጋ ሰሙን ቦረቦረው። ሰሙን ልፋቀው ቢሉ ገና ያልያዘችው ቀንበጥ አብራ ትነቀላለች፤ ልተወው ቢሉ ነፋስ ይገባባታል። እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። እንዲህ ሲሉ ሦስቱም ቀንበጦች ጠወለጉ።

ያን ጊዜ የጠጁን ሰም ነገር ሊጠይቁ ወደ ሰፈሩ ሸኽ ሄዱ። ሸኹ አገጫቸውን ይዘው አዳመጡ።

«ሰሙ በፈላ ውሃ ከታጠበ ምን አለበት? ደግሞ የሚቀባው እንጨት ነው» አሉ። «ግን ቡሽራ፣ ለምን ቀድመህ አልጠየቅኸኝም?»

አው ቡሽራ ተነሥተው ወደ ዘምዘም ገሠገሡ።

ዘምዘም ከወይዘሮ ሥራዬ ሰፈፍ አምጥታ አጥባ ጣደች፤ ሙሉጌታም ተጠርቶ መጣ። ነፍስ ያለው ሌላ ቀንበጥ ፍለጋ እናቲቱን ዛፍ ዞራት። አንዱን ቅርንጫፍ ሳበ፤ ቀጭ አለ። ሌላውን ሳበ፤ ቀጭ።

«ሰሙ ቀልጧል!» አለች ዘምዘም ከወደ ምድጃው።

«ያችኛዋስ?» አሉ አው ቡሽራ ወደ ጫፍ እያመለከቱ።

«እሷም ደርቃለች፣ አባቴ።»

«አልነካሃትም እኮ።»

ሙሉጌታ ጫማውን አውልቆ ወጣ። ቀንበጧ ገና ሲነካት ተሰበረች። በእጁ ይዟት ወረደ፤ ሽማግሌው እያዩት የት እንደሚጥላት ግን ጨነቀው።